ከአበባ ጎን ለመቀመጥ

ናዝሬት ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ስለ ጤና ረዳቷ ስለ አበበች ብዙነህ የሚወራው እንዲህ ነው። አበበች የሚለው ስም የእሷ አይደለም፤ የሞተች ልጅ ስም ነው። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ውጤቷን ሳታይ በወባ ሞተች። እናቷ ሰርተፊኬቱን ለዚህችኛዋ ሸጠችላት። ይህችም በሙት ስም ተምራ፣ በሙት ስም ተቀጥራ፣ ይኸው በሙት ስም መርፌ ትወጋናለች። ሌላው ወገን ደግሞ የለም፣ በቀይ ሽብር ጊዜ የድርጅት ሰው ነበረች፣ ስሟን የለወጠችው ስትሸሽ ነው ይላል። ማስረጃም አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደራ የሚመጡት አባቷ በሯ ላይ ቆመው «የሺዓለም» ብለው ሲጣሩ እሷ አቤት ትላለች። በሁለት ስም አቤት የሚል ሰው እንዴት ንጹሕ ይሆናል?

ከኋለኛው ልጀምር። በ1970 ዓ.ም. የሺዓለም አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የነበረችበት ድርጅት ካለ፣ ደራ ገበያ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ፊት ለፊት ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆች ድርጅት ነው፤ ትጥቁም አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ወደ ፊተኛው ስንመጣ ደግሞ፣ የሞተ ሰው የለም፤ የተሸጠ ወረቀትም የለም። ወሬው ከደራ ሲነሣ ትንሽ ነበር። እንደ ሎንቺናው በየፌርማታው ሰው እየጫነ መጥቶ ነው ናዝሬት ሬሳ ይዞ የገባው።

እውነቱ ከወሬው ይልቅ ያሳፍራል። የሺዓለም ስሟን የለወጠችው ከጓደኛዋ ጎን ለመቀመጥ ነው።

ጓደኛዋ አበባ ፈይሳ ትባላለች። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ አሰብ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ሳይመጡ ይከርማሉ። እናቷ፣ አበባ ገና ሕፃን ሳለች፣ በሌላ ሰው መኪና ተሳፍራ ሄዳ በዚያው ቀረች። አበባን ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ጉዲቱ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ቀኑን ሙሉ ገበያ ናቸው። ሰው ማለት የሚሄድ ፍጥረት መሆኑን አበባ ከእኩዮቿ ሁሉ ቀድማ ስላወቀች፣ ያገኘችውን ሰው በሁለት እጇ ነበር የምትይዘው።

የሺዓለምን የያዘቻት ስድስተኛ ክፍል ሲገቡ ነው። የሺዓለም አባት ጋሽ ብዙነህ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸውን የሚያለብሷት ከደንበኛ ልብስ ከተረፈ ጨርቅ ነበር። አንደኛው እጅጌ አረንጓዴ፣ ሌላው አበባማ፣ ኪሱ የወታደር ካኪ። ልጆቹ «የሺ ቁርጥራጭ» ይሏታል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ይህንኑ ሲደጋግም አበባ ከኋላ መጥታ በማስመሪያ ጆሮ ግንዱን አለችው። ከዚያ ደብተሯን ይዛ የሺዓለም ዴስክ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቦታዬ እዚህ ነው» አለች።

በማግሥቱ ጋሽ ብዙነህ በረንዳ ላይ ቆማ፣ «ለእኔም ቁርጥራጭ ቀሚስ ይስፉልኝ። ልክ የሷን ዓይነት» አለቻቸው። ጋሽ ብዙነህ ሳቁና ሰፉላት። ሁለቱ ልጆች በዚያ ቀሚስ ገበያውን ሲያቋርጡ ያያቸው ሁሉ መንታ ነበር የሚላቸው። የሺዓለም በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ኋላ የመጣው ሁሉ የአበባ ጥፋት ብቻ ይመስላል፤ አይደለም።

ከዚያ ሕጉ ወጣ። ሹሩባ የሚሠሩት በአንድ ቀን ነው። አንዷ ከቀረች ሌላዋም ትቀራለች። አበባ ያኮረፈችውን ሰው የሺዓለምም ሰላም አትልም። ከሁሉ የከበደው የመሪማ ነገር ነበር። መሪማ የባለሱቁ የመሐመድዘይን ልጅ ናት። ከነሱ አንድ ክፍል ዝቅ ትላለች እንጂ ቤታቸው ከነየሺዓለም ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት አብረው ነበር የሚሄዱት። አበባ «ወይ እሷ፣ ወይ እኔ» ስትል የሺዓለም ማለዳ ማለዳ ወደ ማዶኛው የመንገድ ጠርዝ ተሻገረች። መሪማ ከወዲህ ሆና ትጣራለች።

«የሺ፣ ትንፋሽ መሳብስ ፈቅዳልሻለች?»

የሺዓለም መሬት መሬት እያየች ትሄዳለች።

ሰባተኛ ክፍል ሳሉ ጋሽ ብዙነህ ልጃቸውን ለአጎቷ ሠርግ መቂ ወስደዋት ሁለት ቀን አደረች። ለአበባ አልነገረቻትም፤ ጊዜ አላገኘችም። አበባ ሁለቱን ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል፣ የሺዓለም ተመልሳ ሰልፉ ላይ ቆማ ሳለ፣ አበባ ፊት ለፊቷ ዘጭ አለች። ውኃ ረጭተው ሲያነቋት ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የፈለገችው አንድ ፊት ነበር።

«አየሽ?» አለቻት።

የሺዓለም አየች። ፈራች። ደስም አላት፤ ለእሷ ብሎ የወደቀ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረማ።

በ1973 ዓ.ም. ጥር ላይ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ፎርም መጣ። ያኔ ደራ ትምህርቱ ስምንተኛ ላይ ያበቃ ነበር። ያለፈ ናዝሬት ገብቶ ዘጠነኛ ይማራል፤ የወደቀች ሴት ደግሞ ባል እስኪመጣ ቤት ትቀመጣለች። የሺዓለም ናዝሬት መግባት ትፈልግ ነበር። ሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ለወባ ዘመቻ የመጣች አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ወንዶቹን ሁሉ በተራ አሰልፋ «እጅጌህን ሰብስብ» ስትል ካየች ወዲህ፣ እሷም አንድ ቀን እንዲህ ማዘዝ አምሯታል።

ፎርሙን ያደሉት የሒሳብ መምህሩ ጋሽ ራህመቶ ናቸው። «ልጆች» አሉ፣ «እዚህ ላይ የጻፋችሁት ስም እስከ መቃብር ይከተላችኋል። ኋላ ተሳስቻለሁ ብሎ የሚመጣ ተማሪ አላውቅም።» ደራ ያኔ የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም፤ ልጁ ማን እንደሆነ መንግሥት የሚያውቀው በዚህ ፎርም ነበር።

አበባ ግቢውን ሳይለቁ ዕቅዷን ጨርሳለች።

«የምንቀመጠው በስም ተራ ነው፣ በፈረንጅ ፊደል። እኔ መጀመሪያ፣ አንቺ መጨረሻ። ሒሳቡን ማን ሊያሳየኝ ነው?»

«ከዚያ ጥግ እንዴት አድርጌ ላሳይሽ?»

«አበበች ትሆኛለሽ።»

«ምን?»

«አበባ፣ አበበች። ጎን ለጎን። ደግሞ ያምርብሻል።»

«አባባስ?»

«አባትሽ ምን ቸገራቸው፣ ይፈርማሉ።»

እውነቷን ነው። ጋሽ ብዙነህ ባለፈው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው ሰርተፊኬት ወስደዋል። ማንበቡ ገና ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ ሦስተኛው መሥመር ላይ ይደክማቸዋል። ፊርማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ከስማቸው ይረዝማል፤ መጨረሻው ላይ እንደ ክር ቋጠሮ የምትዞር ነገር አለችው። ሰው ያስፈርመኛል ብለው ሲጠብቁ ነው የሚውሉት። የሺዓለም ፎርሙን ስትዘረጋላቸው መቀሱን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ እየቋጠሩ ፈረሙ። የሺዓለም ብዙነህ እዚያ በረንዳ ላይ አበበች ሆነች።

ሰኔ ላይ ናዝሬት ለፈተና ገቡ። የመቀመጫው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የተመታው በእንግሊዝኛ ታይፕ ነው፣ ተራውም እንደ ፈረንጅ ፊደል። ሁለቱ ልጆች ተያይዘው ሄደው አነበቡ። አበባ ፈይሳ። ከዚያ አበበ። ከዚያ አበበ። ከዚያ ሌላ አበበ። ደግሞም አበበ። ከዚያ አበበች ብዙነህ። ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከወለንጪቲ የመጡ አራት አበበዎች በመካከላቸው ተሰልፈዋል። ስም ሲመርጡ የዘነጉት አንድ ነገር ቢኖር ባገሩ ውስጥ ስንት አበበ እንዳለ ነው።

አበባ ግድግዳውን ትኩር ብላ አየችው። «እንግዲያው» አለች፣ «እኔ ከወጣሁ ትወጫለሽ። ማይልኝ።»

የሺዓለም ማለችላት። ስሟን ከሰጠች በኋላ መሐላ ምኗ ነው።

የሒሳቡ ፈተና በተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አበባ ወረቀቷን አስረክባ ወጣች። ከመስኮቱ ፊት ለፊት አንድ ግራር አለ፤ እዚያ ሥር ቆማ ወደ ውስጥ ማየት ጀመረች። አትጣራም፣ አታውለበልብም። ቆማለች፣ በቃ። የሺዓለም ከአርባው ጥያቄ አሥራ ሦስቱን አጥቁራለች። አሥራ አራተኛውንም ታውቀዋለች። እርሳሷን አስቀምጣ ተነሣች። ውጭ ስትደርስ አበባ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ እየሳቀች አለቀሰች። «አውቄ ነበር» ትላለች፣ «አውቄ ነበር።»

ሁለቱም ወደቁ። የሺዓለም የቀራት ሁለት ነጥብ ነበር።

ጋሽ ብዙነህ አልተቆጡም። ከስፌት መኪናው አጠገብ አንድ ዱካ አስቀምጠው፣ «እንግዲህ ቁልፍ መትከል ትጀምሪያለሽ» አሉ። ክረምቱን ሙሉ ቁልፍ ተከለች። የሺዓለም ንግግር አታበዛም፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ይበልጥ ዝም አለች። የኩርፊያ ዝምታ አልነበረም። ልክ የሚለካ ሰው ዝምታ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ብቻዋን ጋሽ ራህመቶ ዘንድ ሄደች።

«ልደግም ነው» አለች። «ስሜን ደግሞ መልሱልኝ።»

«ስሙ ሄዷል ልጄ። የሚደግም ሰው አምና በተፈተነበት ስም ነው የሚፈተን።»

«እንግዲያው በሱው አልፋለሁ።»

ከዚያ ወደ አበባ ሄደች። አበባም ልትደግም ነው። «ሒሳብ አስጠናሻለሁ» አለቻት። «በየቀኑ፣ እስኪገባሽ። ፈተናው ላይ ግን ብትወጪ አልወጣም።»

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» አለች አበባ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ማጥናቱን ሁለት ቀን ሞከረችው፣ ተወችው። ከዚያ እህል ማቆሙ መጣ። የሺዓለም በመጀመሪያው ቀን ዳቦ አመጣች፤ አበባ አልነካችውም። በሁለተኛውም ቀን አመጣች፤ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላትና ደወል ሲደወል ክፍል ገባች። ከመስኮቱ ስታይ አበባ ዳቦውን ይዛ ተቀምጣለች። በሦስተኛው ቀን በላችው፤ ግማሹን ግን መሬት ላይ ወርውራ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የሺዓለም መንገዱን ተሻግራ ከመሪማ ጎን ሄደች። አሁን አንድ ክፍል ሆነዋል።

«ወይዘሮ አበበች» አለች መሪማ፣ «ሰላምታ ተፈቀደ ማለት ነው?»

«ዝም ብለሽ ሂጂ።»

«ልሂድ። ብቻ ቀስ በይ፣ ማዶ ለማዶ ለምደሽ እንዳትጋጭኝ።»

አበባ ከኋላ ሆና ሁለቱን ታይ ነበር።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ነበር። እዚያ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል፣ አለዚያም ጓደኛውን። አብዛኛው ሰው ዘግይቼ መጥቻለሁ ብሎ ይገላገል ነበር። አበባ ተነሣች።

«ከመካከላችን በሐሰት ስም የምትኖር አለች» አለች።

በዚያ ዘመን ይህ ቃል የልጅ ኩርፊያ መወጫ አልነበረም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉደታ የየሺዓለምን የመፈተኛ ካርድ እዚያው ተቀበለና ኪሱ ከተተው። ነገሩ እስኪጣራ ካርዱ እሱ ዘንድ ይቆያል። ፈተናው ረቡዕ ነው።

ሰኞ ጠዋት አባትና ልጅ ቀበሌ ቀረቡ።

«ስምሽ ማነው?» አለ ጓድ ጉደታ።

«ቤት ውስጥ የሺዓለም። ፎርም ላይ አበበች።»

«ለምን ለወጥሽ?»

«ከአበባ ጎን ለመቀመጥ።»

ጓድ ጉደታ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰው ስሙን የሚለውጥበትን ምክንያት ብዙ ሰምቷል፤ ይህን ግን አልሰማም።

«እኔ ቀልድ አልወድም። ማነው ያደራጀሽ?»

«አበባ።»

ጸሐፊው «አበባ» ብሎ ጻፈ።

ጓድ ጉደታ ከትምህርት ቤቱ ያስመጣውን ፎርም ወደ ጋሽ ብዙነህ ገፋው። «ይህ ፊርማ የማነው?»

«የኔ ነው» አሉ ጋሽ ብዙነህ። እንዲህ ባለ ቦታም ቢሆን በፊርማቸው አያፍሩም።

«አንብበው ነው የፈረሙት?»

ጋሽ ብዙነህ ፎርሙን አነሡት። አላነበብኩም ካሉ ልጃቸው አታልላለች፤ ካርዱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። አንብቤያለሁ ካሉ እሳቸውም የሐሰቱ ተካፋይ ናቸው። ልጅቷ ግን ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ ታይ ነበር። በቀበሌያቸው ማንበብ የማይችል ሰው ባለመኖሩ የተሰጠ ሽልማት ነው። ሪፖርቱን የጻፈው ራሱ ጓድ ጉደታ ነው።

«አባባ ማንበብ ይችላል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «ሰርተፊኬቱ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው። የፈረሙበትም እርስዎ ነዎት።»

ጓድ ጉደታ አያት። ከዚያ ጋሽ ብዙነህን አየ። ወደ ላይ ግን አላየም።

«አንብቤ ነው» አሉ ጋሽ ብዙነህ ነገሩ ገብቷቸው። «አበበች ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ ናት፤ ሁለት ስም ባወጣላት ማን ይከለክለኛል?»

«አባት ያወጣው ከሆነ ሐሰት አይባልም» አለ ጓድ ጉደታ ቀስ ብሎ። «ይህንኑ እንጻፈውና ይፈርሙ።»

ጋሽ ብዙነህ ቋጠሮዋን ሳይረሱ ፈረሙ። ካርዱም ተመለሰ። በዚያ ፊርማ ግን የሺዓለም የሚለው ስም ከወረቀት ላይ ለዘላለም ወጣ። አባቷ ወደው የሰጡት ስም ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ከእንግዲህ ተሳስቼ ነው ማለት አይቻልም።

ወደ ቤት ሲመለሱ «እንግዲህ አበበች መሆኔ ነው» አለች።

«ነሽ።»

«አንተስ ምን ብለህ ልትጠራኝ ነው?»

«እኔ ለቀበሌ ነው የፈረምኩት» አሉ ጋሽ ብዙነህ፣ «ለአፌ አልፈረምኩም።»

የሰፈሩን ጉጉት አስቀድሜ ላስታግስ። ልጅቷ አልፋለች። ናዝሬት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የጤና ረዳትነት ኮርስ ወስዳለች፤ ወንዶቹን አሰልፋ «እጅጌህን ሰብስብ» ስትል የሰማ ሁሉ ምስክር ነው። አበባ መቂ ናት፤ የሽንኩርት ደላላ አግብታለች። ባሏ መኪና ሊያስጭን ሲወጣ ተከትላው ትወጣለች ይላሉ፤ ይህን ግን አላጣራሁም። የቀረኝ የረቡዕ ነገር ነው።

ረቡዕ ጠዋት እዚያው ክፍል ገቡ። በዚያ ዓመት በመካከላቸው የነበረው አንድ አበበ ብቻ ነው፤ እሱም ታሞ ይሁን ተጨንቆ አልመጣም። ባዶ ወንበር ተርፎ፣ ሁለቱ ልጆች እንዳሰቡት ጎን ለጎን ሆኑ። የሺዓለም ወረቀቷን በክንዷ አልሸፈነችም። የፈለገ ሰው ከአንድ እስከ አርባ አንገቱን ሳያዞር ማንበብ ይችል ነበር። አበባ አንዱንም አላየች። የምታየው የየሺዓለምን ፊት ነው።

«የሺ» አለች በሹክሹክታ።

የሺዓለም አሥራ አራተኛውን አጠቆረች።

ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አበባ አስረክባ ወጣች። ሄዳ ግራሩ ሥር ቆመች። የሺዓለም አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፤ እርሳሷ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሣችውና ቀጠለች። አርባውን ጨርሳ ወደ አንደኛው ተመለሰች፤ እንደገና አርባውን አየች። የመጨረሻው ደወል እስኪደወል ከወንበሯ አልተነሣችም።

ስትወጣ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ጋሽ ብዙነህና ጋሽ ራህመቶ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መሪማ ቀድማ ወጥታ ትጠብቃለች። አበባም ካለችበት አልተነቃነቀችም፤ ያንን ሁሉ ሰዓት ቆማለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። የሺዓለም በቀጥታ ወደሷ ሄዳ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች።

«ሒሳቡ እኮ ቀላል ነበር» አለቻት። «አምናም ቀላል ነበር።»

አበባ ግራሩን ተደግፋ ቁጭ አለች። የሺዓለም ዞር ብላ አባቷና መሪማ ወደሚጠብቋት ሄደች።